ቤቶች!

ማውዝ የለም እዚህ ቤት። ሥዕል የለም፣ መስኮት።
ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ጥግ ላይ የምትርገበገብ አንዲት ነጭ ምልክት።
አንድ ማሽን ነው ለአርባ ሦስት ሰው፣
ፖሊ ግቢ፣ ምድር ቤት፣ ከነሙቀቱ የሚተነፍሰው።

ያስተማረችኝ ባንቺአምላክ ናት፣ የላቡ ኃላፊ፣
አንደበቷ ቁጥብ፣ ጣቷ ግን ለፍላፊ።
«የሰው ቤት ስትገባ ምን ትላለህ?» አለችኝ።
«ቤቶች! እላለሁ።» «እዚህም እንዲያው ነው» ብላ አንድ ቃል አስጻፈችኝ።
«ሁ» አልኩት። ኤንተር። ስም ተደረደረ፤
ማን ከየት እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደኖረ።
«ቀጥሎ የት ነኝ በል። መረብ የሚጥል ሰው የቆመበትን ያያል፤
የት እንዳለ የማያውቅ የሰው ዓሣ ያወጣል።
ከዚያ ‹ኤል ኤስ› በል፤ ምን አለ? ማለት ነው።»
ምን አለ፦ ምን ይገኛል ነው፤ ምን ተናገረም ነው።
ማሽኑ ሁለቱንም አንድ ላይ ይመልሳል፤
ያለውን ሁሉ ይላል።

«ይሄኛው ማጥፊያ ነው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ቅርጫት የለው፤ ‹እርግጠኛ ነህ?› አይልም፤ የሄደ አይመለስ ቢመሽ ቢነጋ።»

*

ኅዳር ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም።
የራሴን ትርፍራፊ ፋይል ልጠርግ፣ እንቅልፌን ልቀድም፣
ፊደሉን ጻፍኩና ኮከቡን አኖርኩ፤
በመሀል ግን፣ ሳላይ፣ ባዶ ቦታ ጨመርኩ።
አንድ የጣት ስፋት። የቅኔ ተማሪ ያውቃል እንዲህ ያለ ነገር፦
«ልብ ስፈልግ» ያለው ሰው «ልብስ ፈልግ» ይሆንበታል፣ ክፍተት ፊደል ሲሻገር።
እዚያ ግን «ይበል!» ነው።
እዚህ ዝምታ ነው።

ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ያልኩትን አደረገ፣ ያሰብኩትን አይደለም።
በጋራው ፎልደር ቆሜ በራሴ መስሎኝ፤
«ኤል ኤስ» ብለው ምንም አላለኝ።

የጠፋው የስመኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ወደቡ ድረስ እየወረደች፣
ቀረሶውን፣ አምባዛውን፣ ቤዞውን እየመዘነች፣
ርዝመቱ በሴንቲ፣ ክብደቱ በኪሎ፣ የተያዘበት ወር፣
የመረቡ ዓይን ጠባብ ነው ሰፊ፣ ነፋሱ ከየት ይነፍስ ነበር።

ባንቺአምላክ መጣች፣ ሹራቧን በፒጃማ ላይ ደርባ።
ቅጂ ነበራት፤ እስከ ሰኔ።
ከሰኔ ወዲህ ያለው፣ ክረምቱ፣
ቤዞው ሐይቁን ትቶ ወደ ርብና ወደ ጉማራ የሚወጣበት ጊዜ፣
የለም።

ጠዋት ስመኝን ጠበቅኳት። እንድትጮህብኝ ፈለግኩ።
«የት ነበርክ?» አለችኝ ብቻ።
ስለ ፎልደሩ ይሁን ስለ ልቤ እስካሁን አልለየሁም።
ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፤ ሰባት ደብተር፤
ውኃ የጠጡ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸቱ፣
በገጾቹ መሀል ቅርፊት እንደ ጥፍር የደረቀባቸው።
«ጻፍ» አለች።

እጽፋለሁ።
አንድ መስመር አንድ ዓሣ።
የእሷ ሰባት ለእኔ ዓይን አንድ ትመስላለች፣ እደውላለሁ፦
«ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ፣ ሁለተኛዋ አምባዛ፣ ሰባት ኪሎ ናት ወይስ አንድ?»
«ሰባት ናት እንጂ! ጀልባውን ልትገለብጥብን ነበር።»
ሰባት ብዬ እጽፋለሁ፤ ጀልባው የሚገባበት ዓምድ የለም።

ደግሞ ተምሬአለሁ፦ ሠርቼ ስጨርስ ፋይሉን ለንባብ ብቻ እከፍታለሁ፣
ለራሴም ጭምር እጄን አስራለሁ።

ዛሬ ማታ «ሁ» ስል ሁለት ስም ብቻ አለ፤ የእኔና የእሷ።
እሷ ከፔዳ ግቢ ገብታለች፣ እኔ እዚህ፤ በመሀላችን ጨለማ ከተማ፣
ባጃጆች ገብተዋል፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ አለ።
ምን እንደምትሠራ አላየሁም። እንዳለች ብቻ አየሁ።
አራተኛውን ደብተር ጨረስኩና ደግሜ «ሁ» አልኩ።
አንድ ስም።
ማንም በሌለበት ክፍል፣ ጮክ ብዬ፣
«ደህና እደሪ» አልኩ።
የት እንዳለሁ ጠየቅኩ፤ ነገረኝ።
ወጣሁ። ክፍት አልተውኩም።